የመድረሳ ወቅፍ እንዴት ይያዛል? ከኒያ እስከ ሒሳብ መዝገብ

አንድ ሐጂ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተነስተው «ያቺን የመንገድ ዳር ሱቄን ለመድረሳው ወቅፍ አድርጌያለሁ» ይላሉ፤ ሱቁ ሳይሸጥና ሳይወረስ ተይዞ ፍሬው ብቻ ለመድረሳው ይዋል ማለታቸው ነው። ጀመዓው «አላህ ይቀበልዎ» ይላል፣ ኡስታዙ ዱዓ ያደርጋል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል። ከዚያ በኋላ ኪራዩን አንድ የታመነ የኮሚቴ ሰው ይሰበስባል። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም። ዓመታት ያልፋሉ። ሐጂም ወደ አኺራ ይሄዳሉ፣ የታመነውም ሰው ይከተላል። አንድ ቀን የሐጂ ልጆች ካርታ ይዘው ይመጣሉ። ካርታው ላይ ያለው የአባታቸው ስም ነው።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያልሰማ የመድረሳ ኮሚቴ ያለ አይመስለኝም። ወቅፍን ከሌባ ይልቅ የሚያጠፋው ወረቀት የማይወድ ደግ ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አብዛኛው ስለ ወረቀት ነው። የፊቅሁን፣ ማለትም የሸሪዓ ሕግ ትንተናውን፣ ዝርዝር የየአካባቢያችሁ ዑለማ ይጨርሱላችኋል። በምሥራቁ፣ በሐረር በኩል፣ የሻፊዒያ መዝሀብ (የፊቅህ አካሄድ) ነው የሚሠራበት፤ ወሎ ላይ ሐነፊያም ሻፊዒያም አለ። ልዩነታቸው ኪስ የሚነካበት ቦታ ላይ እጠቁማለሁ።

1. ገንዘቡን ለዩት

መድረሳ የሚገባ ብር ሁሉ አንድ አይደለም። ዘካ አለ፣ ተራ ሰደቃ አለ፣ የወላጆች ወርሃዊ መዋጮ አለ፣ የወቅፍ ኪራይ አለ። እነዚህ በአንድ ካዝና ከገቡ ወቅፉ አለቀለት ማለት ነው። ዘካ ስምንት ባለመብቶች አሉት፣ በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ተቆጥረዋል። የብዙኃኑ ዑለማ አቋም ዘካ በሰው እጅ መግባት አለበት የሚል ነው። ድሃ ደረሳን (ተማሪን) በዘካ ታበላላችሁ፤ የመማሪያ ክፍል ግን አትገነቡበትም። ሰደቃ ሰጪው ለምን እንደሰጠ ካልተናገረ እንደ አስፈላጊነቱ ይወጣል።

ወቅፍ ደግሞ ዋናው ተይዞ ፍሬው ብቻ የሚበላ ነው። መሠረቱ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ኸይበር ላይ ባገኙት መሬት የሆነው ነው። ምን ላድርገው ብለው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከፈለግህ ዋናውን ያዘው፣ ፍሬውን ሰድቀው አሏቸው። ዑመርም እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርገው ሰደቁት።

ስለዚህ ለዘካ፣ ለወቅፍ ኪራይ፣ ለሰደቃና መዋጮ ሦስት መዝገብ፣ ቢቻል ሦስት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። በኡስታዙ ስልክ ቴሌብር የሚገባ ኪራይ ካለ ዛሬውኑ አቁሙት። ኡስታዙን መጠርጠር አይደለም፤ ለእሱም እረፍት ነው። ነገ ቢሞት በስልኩ ያለው ብር የወራሾቹ ይመስላል።

2. ሰጪው መስጠት ይችላል ወይ?

ሰው በስሜት ተነስቶ ሲሰጥ «ቆይ እስኪ» ማለት ከባድ ነው። ግን ግድ ነው። ንብረቱ የራሱ ነው? የጋራ ከሆነ የትዳር አጋሩ ፊርማ ያስፈልጋል፤ በቤተሰብ ሕጋችንም የጋራ ቤት በአንዱ ፈቃድ ብቻ አይተላለፍም። ባንክ በመያዣ የያዘው ቤት ነው? ዕዳው ይከፈል፣ ወይ ባንኩ በጽሑፍ ይፍቀድ። ቀሪ የሊዝ ክፍያ አለበት? ማን እንደሚከፍለው ይጻፍ። ሰጪው በሞት አልጋ ላይ ከሆነ ደግሞ ወቅፉ እንደ ኑዛዜ ይታያል። ከሲሶ በላይ የሆነው የወራሾችን ፈቃድ ይፈልጋል።

የመሬት ጉዳይ ብዙዎችን ያደናግራል። እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ1967 በአዋጅ 31 የገጠሩ፣ በአዋጅ 47 የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ከግል እጅ ወጥቷል። ታዲያ ምን ወቅፍ ይደረጋል? ቤቱ ነው፤ ከነ መጠቀሚያ መብቱ። ይህ በፊቅህ አዲስ ነገር አይደለም። የሻፊዒያ ዑለማ በተከራዩት መሬት ላይ የቆመን ግንባታ ወቅፍ ማድረግ ይቻላል የሚለውን አቋም አጠንክረው የያዙት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። የገጠር ማሳ ግን ይለያል። ይዞታው አይሸጥም፣ በስጦታ የሚተላለፍበትም በር ጠባብ ነው። ገበሬው ለቁርኣን ቤቱ መርዳት ከፈለገ በየዓመቱ ከምርቱ ይህን ያህል ኩንታል ሰደቃ እሰጣለሁ ብሎ ቢጽፍ ይሻላል። ወቅፍ ብሎ ሰይሞ ልጆቹን ከመድረሳው ጋር ከማጣላት በእጅጉ ይሻላል።

ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ሆነው አገር ቤት ያለ ቤታቸውን ወቅፍ የሚያደርጉ ወገኖችም አሉ። በኤምባሲ በኩል የሚልኩት ውክልና «ስጦታ የማድረግ» ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት። ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስጦታን በልዩ ውክልና ብቻ ነው የሚፈቅደው።

3. ወረቀቱ

ይህ ደረጃ ላይ አትቸኩሉ። በሸሪዓ ወቅፍ በቃል ይጸናል። በሻፊዒያ ሰውዬው «ወቀፍኩ» ካለ ወደኋላ መመለሻ የለውም። ግን ቃሉን የሰሙት ሰዎች ሟች ናቸው። መደበኛ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ወቅፉን እንደ ስጦታ ያየዋል ብላችሁ ተዘጋጁ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2443 መሠረት በግልጽ ኑዛዜ አሠራር ካልተደረገ ዋጋ የለውም። ግልጽ ኑዛዜ ማለት ተጽፎ፣ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይህ መደረጉና ቀኑ ተጠቅሶ፣ እዚያው የተፈረመ ነው። አንዱ ምስክር በሥራው ላይ ያለ የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ስለዚህ ውልና ማስረጃ ሂዱ። ከሰነዱ ውስጥ ይህን የመሰለ ቃል አይጥፋ፦

«በካርታ ቁጥር … የተመዘገበውን ሱቄን ከዛሬ ጀምሮ ለዘለቄታው ወቅፍ አድርጌያለሁ። አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ አይወረስም። ኪራዩ መጀመሪያ ለሱቁ ጥገና፣ ቀጥሎ ለ… መድረሳ መምህራን ደመወዝ፣ ከተረፈ ከሩቅ ለሚመጡ ደረሶች ቀለብ ይውላል። መድረሳው ቢዘጋ በአቅራቢያው ቁርኣን ለሚያስተምር ሌላ መድረሳ ይሆናል። የወቅፉ አስተዳዳሪ (ናዚሩ) … ነው፤ እሱ ባይኖር … ይተካዋል። ናዚሩ በየዓመቱ በሸዋል ወር ለጀመዓው ሒሳብ ያቀርባል። የድካሙ ዋጋ ከጥገና በኋላ ከሚቀረው ኪራይ … በመቶ ነው።»

እያንዳንዱ ሐረግ ሥራ አለው። «ለዘለቄታው» የሚለው አብዛኞቹ መዝሀቦች የሚጠይቁት ነው፤ ለአምስት ዓመት ብቻ የሚሰጥን ወቅፍ የሚቀበሉት ማሊኪያዎች ናቸው። «መድረሳው ቢዘጋ» የሚለው ደግሞ ነገ ሰፈሩ ሲፈርስና ነዋሪው ሲበተን የሚመጣውን ጭቅጭቅ ይዘጋል። ዑለማ የሰጪው ቅድመ ሁኔታ እንደ ሸሪዓ ጽሑፍ ይከበራል ይላሉ። ለዚህ ነው ጠባብ ቅድመ ሁኔታ የማያዋጣው። «ለኡስታዝ እገሌ ደመወዝ» ብሎ ማሰር ኡስታዙ የለቀቀ ቀን ጣጣ ያመጣል። «ለመድረሳው ጥቅም» ብሎ መልቀቅ ደግሞ ለኮሚቴው መኪና መግዣ በር ይከፍታል። በሁለቱ መሀል ጻፉ።

ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ይዞታ አስተዳደር ሄዳችሁ ካርታው ላይ ስሙ ይዛወር። አብዛኛው ሰው እዚህ ይደክመውና ይተወዋል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ የቤት ባለቤትነት የሚተላለፈው በምዝገባ ነውና። ስሙ በማን ይሁን? መድረሳው ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው ካርታ በስሙ አይወጣም። በአዋጅ 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ባገኘው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት መዋቅር በኩል ማስመዝገብ አንዱ መንገድ ነው። ያኔ «የ… መድረሳ ወቅፍ» የሚል መግለጫ ፋይሉ ላይ ይኑር። ካልሆነ ከሌላው ንብረት ጋር ይቀላቀላል።

4. ናዚር መምረጥ

ናዚር የወቅፉ አስተዳዳሪ ነው። ታማኝ ይሁን፣ ሥራውንም ይቻለው። ሁለቱም ናቸው መስፈርቶቹ። እኛ ጋ የመጀመሪያው ብቻ ይታያል። ሰላት የማያቋርጥ ግን ውል ማንበብ የማይችል ሰው ናዚር ይሆናል፤ ከዚያ ተከራዩ ይጫወትበታል። ሴት ናዚር መሆን ትችላለች። ዑመር የዚያን የኸይበር ወቅፍ አደራ የሰጡት ለልጃቸው ለሐፍሳ ነበር። ይህን የማነሳው በየሰፈሩ ሒሳብ የተማሩ እህቶች እያሉ ኮሚቴው ለምን እንደማያያቸው ስለማይገባኝ ነው።

ናዚሩ አሚን፣ ማለትም አደራ የተቀበለ ሰው፣ ነው። በራሱ ጥፋት ወይም ቸልተኝነት ካልሆነ ለጠፋ ነገር አይጠየቅም። የማይፈቀድለት ግን አለ። ለራሱ አይከራይም፣ ወቅፉን አስይዞ አይበደርም፣ ከወቅፉ ኪራይ ለዘመድ አያበድርም። ለድካሙ መውሰድ ይፈቀድለታል፤ የዑመር ወቅፍ ላይም የሚያስተዳድረው ሰው በአግባቡ፣ ሀብት ሳያከማች እንዲበላ ተፈቅዷል። መጠኑ ተቆርጦ ይጻፍ። «በነፃ ነው የማገለግለው» የሚል ናዚር ደስ ይላል፣ ግን ሲሰለች ሥራውን ጥሎ ለመሄድ ምክንያት አያጣም።

የባንክ ሒሳቡ ላይ ቢያንስ ሁለት ፈራሚ ይኑር። ሁለቱ ወንድማማቾች አይሁኑ።

5. ማከራየት

የወቅፍ ሱቅ ከገበያ ዋጋ በታች አይከራይም። በዋጋው ላይ የሚታለፍ ትንሽ ልዩነት አለ፤ ሰፊ ልዩነት ካለ ግን ናዚሩ ሊጠየቅበት ይችላል። ዋጋውን የምታውቁት እንዲህ ነው። ከጎን ያሉ ሦስት ሱቆች ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቁ፣ በወረቀት አስፍሩ፣ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ «የሚከራይ ሱቅ» ብላችሁ መስጂዱ በር ላይ ለጥፉ። የቀረበውን ሁሉ መዝግቡ። የተመረጠው ከፍተኛውን ያቀረበ ካልሆነ ምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ።

ሐነፊያዎች ሰጪው ካልወሰነ ቤት ከአንድ ዓመት፣ እርሻ ከሦስት ዓመት በላይ አይከራይ ይላሉ። ምክንያታቸው ተከራይ ሲቆይ ባለቤት ይመስላል የሚል ነው። ይህን ለማየት መርካቶን አንድ ዙር መዞር ይበቃል። ተከራዩ ለሌላ ያከራያል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛ። ወቅፉ የሚያገኘው የመጀመሪያውን የድሮ ዋጋ ነው፤ ልዩነቱ መሀል ላይ ይቀራል። ውሉ ላይ «ለሦስተኛ ወገን ማከራየትም ሆነ ቁልፍ መሸጥ ውሉን ያፈርሳል» የሚል ይግባ።

ወቅፉ መኖሪያ ቤት ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320 በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ጭማሪውም እናንተ በፈለጋችሁት ቀን አይሆንም። የአንድ ዓመቱን የፊቅህ ልማድ እንዳለ እንዳትወስዱት። የወቅፉ ሰነድ ላይ «መኖሪያ ቤት እስከ ሁለት ዓመት ይከራያል» ብሎ ሰጪው ከፈቀደ ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ሱቅ ይህ አዋጅ አይነካውም። የኪራይ ግብሩን ጉዳይ ገቢው ከመጀመሩ በፊት ከወረዳው ገቢዎች ጋር በጽሑፍ ጨርሱ። በቃል «ለመስጂድ እኮ ነው» ማለት ደረሰኝ አይሆንም።

6. ገቢው ሲወጣ

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ሰጪው ባይናገርም እንኳ መጀመሪያ የወቅፉ ጥገና ይቀድማል፤ ዋናው ከፈረሰ ፍሬ የለምና። እዚህ ላይ ኮሚቴዎች ይቸገራሉ፤ የመምህር ደመወዝ ደርሶ «ጣሪያ እናድስ» ማለት ጨካኝ ያስመስላል። ግን የሚያፈስ ጣሪያ በሁለተኛው ክረምት ተከራዩንም ደመወዙንም ይዞ ይሄዳል።

በምሳሌ እንየው። ሱቁ ከግብር በኋላ በወር 30,000 ብር ቢያስገባ በዓመት 360,000 ነው። ለጥገና 15 በመቶ፣ ማለትም 54,000 ይቀመጥ። 306,000 ይቀራል። ናዚሩ 5 በመቶ ከተባለለት 15,300 ይወስዳል። ሦስት መምህራን በወር 6,000 ቢከፈላቸው በዓመት 216,000 ነው። የቀረው 74,700 ለደረሶች ቀለብ። በዚያ ዓመት ጥገና ካላስፈለገ 54,000ው ለቀለብ አይዞርም። እዚያው ይቀመጣል፣ ሲጠራቀም ወቅፉን ያሰፋል።

ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ጣሪያ ሲታደስ የወረደው አሮጌ ቆርቆሮ የማን ነው? የአናጢው አይደለም፣ ለጥበቃውም በሽልማት አይሰጥም። የወቅፉ ነው። ይሸጣል፣ ብሩ ወደ ጥገና ሒሳብ ይገባል፣ ስንት ቅጠል በስንት ብር እንደተሸጠ ይጻፋል። እንዲህ ያለ መስመር ያለበት መዝገብ ካየሁ ሌላውንም አምናለሁ።

«ወቅፍ» የሚል ማህተም ያለበት ሙስሐፍና ኪታብም ወቅፍ ነው። ቁጥር ሰጥታችሁ መዝግቡት።

7. ጥሬ ገንዘብ ወቅፍ ማድረግ

ብር ወቅፍ ይሆናል ወይ? የቀደሙት ሻፊዒያዎች አይሆንም ብለዋል። ኦቶማኖች ጋ ግን በሰፊው ተሠርቶበታል። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቅዶታል። ስለዚህ በር አለ። የእኔ ፍራቻ ሌላ ነው፤ ብሩ ራሱ ያልቃል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ የብር አቅም የት እንደደረሰ ሁላችንም ገበያ ላይ አይተናል። በወዲዓ (ትርፍ በሌለው የአደራ) ሒሳብ የተቀመጠ የወቅፍ ብር ቁጥሩ አይቀንስም፣ የሚገዛው ግን በየዓመቱ ያንሳል። ዘምዘም፣ ሒጅራና ሌሎቹ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሙዳረባ አላቸው፤ ትርፍ የሚካፈል ነው። ቢያንስ እዚያ ይግባ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከብዙ ሰው ተዋጥቶ አንድ የሚከራይ ሱቅ መግዛትና ሱቁን ወቅፍ ማድረግ ነው። ብሩ ሲሰበሰብ «ሱቅ ተገዝቶ ወቅፍ ይሆናል» ብላችሁ ንገሩ። ሰጪው ያላለውን በኋላ መለወጥ አትችሉም።

8. ቤቱ ሲፈርስ

የኮሪደር ልማት ወይም መንገድ ሲመጣ ካሳና ምትክ የሚሰጠው ለተመዘገበው ባለይዞታ ነው። ካርታው በሟቹ ስም ከቀረ ካሳው ለወራሾች ይሄዳል፤ ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ። ተራ ቁጥር 3 ላይ ያደከምኳችሁ ለዚህ ነው።

ካሳው ለመድረሳው ከተከፈለም ደመወዝ መክፈያ አይደለም። በእሱ ሌላ ንብረት ተገዝቶ የወቅፉን ቦታ ይተካል። ሳይፈርስ በፈቃድ መለወጥ፣ ኢስቲብዳል የሚባለው፣ ይለያል። ሻፊዒያዎች በጣም ያጠብቁታል። ሐንበሊያዎች ጥቅሙ ከተቋረጠ ይፈቅዳሉ። ሐነፊያዎች በቃዲ (በሸሪዓ ዳኛ) ፈቃድ ያስኬዱታል። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ «የተሻለ ቦታ አገኘሁ» ብሎ ኮሚቴ ብቻውን የሚወስነው ነገር አይደለም። የሁለት ገለልተኛ ሰዎች ግምት፣ የዑለማ አስተያየት በጽሑፍ፣ ከዚያ የቃዲ ፈቃድ።

9. ክርክር ሲነሳ

የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ 188/1992 ወቅፍን በስም ጠቅሶ በሥልጣናቸው ሥር አድርጎታል፤ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም ወገን መስማማት አለባቸው። የሟቹ ልጅ «እኔ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው የምፈልገው» ካለ ወደዚያ ነው የሚኬደው። ስለዚህ ሰነዱ በቃዲውም በዳኛውም ፊት የሚቆም ይሁን። በቃዲው ፊት በቃልና በምስክር ይረታ የነበረ ወቅፍ በዳኛው ፊት በፎርም ጉድለት ይወድቃል።

10. የድሮው ወቅፍ

ወረቀት የሌለው የቆየ ወቅፍ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ወቅፍ ከፊቅህ ጉዳዮች ውስጥ በሰፊው በታወቀ ወሬ መመስከር ከሚፈቀድባቸው አንዱ ነው። ሽማግሌው ሲሰጥ በዓይኑ ባያይም «ይህ ቤት የመድረሳ ወቅፍ መሆኑ ሲነገር ነው የኖርኩት» ብሎ መመስከር ይችላል። በዚህ ሳምንት ሸምገል ያሉትን አባቶችና እናቶች ሰብስቡ። ማን ሰጠ፣ ለምን ሰጠ፣ ኪራዩን ማን ሲሰበስብ ቆየ፣ ወሰኑ ከማን እስከ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይናገሩ፤ አንድ ላይ ከሆኑ አንዱ ሲጀምር ሌላው «አዎ፣ እንደሱ ነው» ይላል። ቃላቸው ይጻፍ፣ ይነበብላቸው፣ ይፈርሙ። ከሰጪው ልጆች አንዱ እንኳ «አባቴ ወቅፍ ማድረጉን አውቃለሁ» ብሎ ከፈረመ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። እሱን ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ፤ ወራሾቹ በሕይወት እያሉና እየተስማሙ የማዛወሩን ሥራ ጨርሱ። ከሦስት ቅጂ አንዱ ለመድረሳው፣ አንዱ ለናዚሩ፣ አንዱ ለሰጪው ቤተሰብ ይሰጥ።